የጀርመን መንደር ቤት ለጦርነት ጨዋታ ጠረጴዛ፦ ከድንጋይ መሠረቱ እስከ መጨረሻው ቀለም

በትንንሽ የወታደር ሞዴሎች የሚካሄድ የጦርነት ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ የአውሮፓ መንደር ቤቶችን ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ብዙዎቹ አንድ መልክ ናቸው። ግድግዳው ጽድት ያለ ነጭ። እንጨቱ ድፍን ጥቁር። ጣሪያው ደማቅ ቀይ። ከሩቅ ያምራል። ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ገበሬ የሚያውቀው ቤት አይደለም። ይሄ ጥቁርና ነጭ መልክ በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፋሽን ነው፤ በተለይ እንግሊዝ ውስጥ የድሮ ቤቶችን እንጨት በሬንጅ ማጥቆር የተስፋፋው ያኔ ነው። ቀለም ያልነካው የኦክ እንጨት ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ወደ አመድማ ግራጫ ይሄዳል እንጂ አይጠቁርም።

እኔ የምመክረው መንገድ ቀላል ነው። ቤቱን እውነተኛው ሠሪ በሠራበት ቅደም ተከተል ሥሩት። መጀመሪያ ድንጋይ፣ ቀጥሎ እንጨት፣ ቀጥሎ ጭቃና ኖራ፣ በመጨረሻ ክዳን። የቱ የትኛውን እንደተሸከመ፣ ውሃ በየት እንደሚወርድ ካወቃችሁ፣ የትኛው ቀለም የት እንደሚገባ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም።

ለምሳሌ የምንሠራው የመካከለኛውና የደቡብ ጀርመን ገበሬ ቤት ነው። ዘመኑ ከ1618 እስከ 1648 (እ.ኤ.አ.) የዘለቀው የሠላሳ ዓመት ጦርነት። ወታደሮቹ 28 ሚሊ የሚባሉት። ቤቱ ለ1631ዱ የብራይተንፌልድ ውጊያም፣ ለ1634ቱ የነርድሊንገን ውጊያም ይሆናል። ይሄ ዓይነት ቤት መቶና ሁለት መቶ ዓመት ስለሚቆም፣ በ1704 ፈረንሳዮች እግረኛቸውን ያጎሩባት የብሌንሃይም መንደር ላይ፣ ወይም በ1813 ላይፕዚግ ዙሪያ ብታስቀምጡትም የሚቃወማችሁ የለም። ለአንድ ቤት ልፋት ይሄ ጥሩ ትርፍ ነው።

መጠኑ

28 ሚሊ የሚባለው ከወታደሩ ጫማ ሶል እስከ ዓይኑ ያለው ቁመት ነው። ከእውነተኛ ሰው ጋር ሲተያይ 1/56 ገደማ ይሆናል። እውነተኛውን ርዝመት ለ56 ስታካፍሉ የሞዴሉን ታገኛላችሁ። ሒሳቡ ለበርና ለመስኮት በደንብ ይሠራል። ለቤቱ ርዝመትና ወርድ ግን አይሆንም። 12 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ቤት በትክክል ቢቀነስ 21 ሳንቲ ሜትር በ14 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። እንዲህ ያሉ አራት ቤቶች ጠረጴዛው ላይ ከደረደራችሁ ወታደር የሚሰለፍበት ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ተጫዋቾች ትንሽ ያጭበረብራሉ። የበሩን ልክ ይጠብቁና የቤቱን ስፋት ያሳንሳሉ። ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በሩ ላይ ስለሆነ ማንም አይነቃም።

የኛ ቤት 120 ሚሊ በ90 ሚሊ ይሁን። በሩ 40 ሚሊ ቁመት፣ 20 ሚሊ ስፋት። መስኮቶቹ 15 በ15 ሚሊ። በሩ ትንሽ የረዘመ ይመስላል፤ ግን ወታደሩ ራሱ መቆሚያው ላይ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሚሊ ከፍ ይላል። ፎም ከመቁረጣችሁ በፊት ግድግዳውን ወረቀት ላይ ሣሉና አንድ ወታደር አጠገቡ አቁሙ። በሩ ከጠበበው የሚታየው ያኔ ነው።

ምን ያስፈልጋል?

5 ሚሊ ውፍረት ያለው ፎምቦርድ (በሁለት ወረቀት መሃል ያለ ፎም) ለግድግዳ። ለመቆሚያ 3 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ)። የቡና ማማሰያ እንጨት፣ ስቴኪኒ፣ ያለቀ የኮርንፍሌክስ ካርቶን፣ የእንቁላል ማስቀመጫ ካርቶን፣ የእንጨት ኮላ፣ ስቱኮ፣ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ። ሳር ክዳን የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ቃጫ። አዲስ አበባ ያላችሁ ስቱኮውን ከቀለም ቤት፣ ቃጫውን ከገበያ ታገኛላችሁ። ውጭ ያላችሁም ለዚህ ሥራ ተብሎ የታሸገውን ውድ ዕቃ መግዛት የለባችሁም።

ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣው ባለ ፍሬ ነጭ ፎም ግን አይሆንም። ሲቆረጥ ይፈረፈራል፣ ጠርዝ አይዝም። ፎምቦርድ ከጠፋ ሁለት ወፍራም ካርቶን በኮላ አጣብቃችሁ ከባድ መጽሐፍ ስር አድርቁት፤ ያስኬዳል።

ቀለም ውሃ የሚያቀጥነው አክሪሊክ ይሁን። ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ቡኒ፣ ቢጫማ ቡኒ፣ የጡብ ቀይ፣ ግራጫና አረንጓዴ ካላችሁ በቂ ነው።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ሱፐር ግሉም የሚረጭ ቀለምም ፎምን ይበላሉ። የፎምቦርዱ ወረቀት ፊቱን ይከላከልለታል፤ የተቆረጠው ጠርዝ ግን ራቁቱን ነው። ሌላው የካተር ምላጭ ነው። ምላጭ ከደነዘ ፎሙን ይቦጭቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ሳትሰስቱ ቀይሩ።

ግድግዳውን ማቆም

ሁለት ረጅም ግድግዳዎች ቁረጡ፤ እያንዳንዳቸው 110 ሚሊ ርዝመት፣ 50 ሚሊ ቁመት። ሁለቱ የጎን ግድግዳዎች 90 ሚሊ ስፋት አላቸው። እስከ 50 ሚሊ ቀጥ ብለው ይወጡና ከዚያ እየጠበቡ መሃል ላይ 104 ሚሊ ጫፍ ይደርሳሉ። ይሄ ለጣሪያው 50 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ይሰጠዋል። በዚህ አገር ዝናብና በረዶ ጣሪያ ቀጥ ማለት አለበት፤ ሳር ክዳን በተለይ ከ45 ዲግሪ በታች ከሆነ ውሃው ሳይወርድ ሰርጎ ያበሰብሰዋል። ጠፍጣፋ ጣሪያ ያለው የጀርመን ቤት ካያችሁ ሠሪው ችኩል ነበር ማለት ነው።

ስትቆርጡ በአንድ ጊዜ አትጫኑ። በብረት ማስመሪያ መጀመሪያ የላዩን ወረቀት፣ ቀጥሎ ፎሙን፣ ቀጥሎ የታቹን ወረቀት። በርና መስኮት ከመገጣጠሙ በፊት ይከፈታል። ከዚያ ረጃጅሞቹን በጎኖቹ መሃል አስገብታችሁ በኮላ አያይዙ፤ እስኪደርቅ በስፒል ያዙት። አሁን ውጪውን ስትለኩት 120 በ90 መምጣት አለበት። ማዕዘኖቹ ትንሽ ክፍተት ቢያሳዩ አትጨነቁ። የማዕዘን ቋሚ ይሸፍነዋል።

ቤቱን ኤምዲኤፉ ላይ ለጥፉት። ዙሪያውን ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ አታስተርፉ፤ ቤት ከቤት ማጠጋጋት ያስቸግራችኋል። የመቆሚያውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አንሸራቱት። የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ማስክ አድርጉ።

ድንጋዩ

የእንጨት ቤት መሬት ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ታችኛው አግድም እንጨት እርጥብ አፈር ከነካ ይበሰብሳል፣ እሱ ከበሰበሰ ቤቱ ይሰምጣል። ለዚህ ነው ከስሩ የድንጋይ መሠረት ያለው። ከእንቁላል ካርቶን ትንንሽ ቁራጭ በእጃችሁ ቅደዱ። በመቀስ አይደለም፤ የተቀደደ ጠርዝ ነው ድንጋይ የሚመስለው። ከ8 እስከ 10 ሚሊ ከፍታ ድረስ ዙሪያውን በኮላ ለጥፉ። ትልልቆቹን ማዕዘን ላይ አድርጉ። በሩ ስር አንድ ጠፍጣፋ የመርገጫ ድንጋይ ይግባ።

እንጨቱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። እንጨቱን ለጌጥ ዓይኑ እንዳዘዘው ይበትነዋል። እውነተኛው ግን ሸክም ተሸካሚ ነው። ጭቃው ምንም አይሸከምም፤ ክፍተት ይደፍናል እንጂ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። መጀመሪያ ድንጋዩ ላይ የሚያርፈው ታችኛው አግድም። ከዚያ የማዕዘን ቋሚዎች። ከዚያ በርና መስኮት ግራና ቀኝ የሚቆሙት ቋሚዎች፤ መስኮት ምንጊዜም በሁለት ቋሚ መሃል ነው። ሌሎቹን ቋሚዎች ከ20 እስከ 25 ሚሊ እያራራቃችሁ ሙሉ። ከላይ ጣሪያውን የሚቀበለው አግድም። ቀጥሎ ቋሚዎቹን የሚያገናኙ አጫጭር አግድሞች። በመጨረሻ ማዕዘኖቹ አካባቢ ሰያፍ ደጋፊዎች፤ እነሱ ባይኖሩ ቤቱ በንፋስ ወደ ጎን ይዘማል።

5 ሚሊ የሆነ የማማሰያ እንጨት በዚህ ልክ 28 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ለዋና ቋሚ ይሆናል። ለሰያፎቹ ወፍራም ስለሚሆን በርዝመቱ ሰንጥቁት። ከመለጠፋችሁ በፊት ፊቱን በመጋዝ ጥርስ በርዝመቱ ፋቁት፤ ጭረቱ በኋላ ቀለም ይይዛል። ጠርዙን በምላጭ ቅረፉት። አንድ ሁለቱ ትንሽ ቢጎብጡ ይመረጣል፤ ኦኩ ተጠርቦ የሚገጠመው እርጥብ ሳለ ነበር፤ ሲደርቅ ይጣመማል።

አናጢዎቹ መዋቅሩን መጀመሪያ መሬት ላይ ዘርግተው ይገጥሙት፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ በመሮ ምልክት ይቀርጹ፣ ከዚያ ፈትተው ቦታው ላይ ያቆሙት ነበር። ማያያዣው ምስማር ሳይሆን የኦክ ችካል ነው። እናንተም በየመገጣጠሚያው በስቴኪኒ ጫፍ ሁለት ነጥብ ውጉ። ቀለም ሲገባበት ችካል ይሆናል። ምስማር የሚመስል የብረት ቀለም ግን እንዳትነኩ።

ጭቃውና ኖራው

እዚህ ላይ የኛ ሰው አስተማሪ አያስፈልገውም። ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሁሉ የጀርመኑንም ግድግዳ ያውቀዋል። ማገሩ አለ፣ በጭድ የተቦካው ጭቃ አለ፣ ከላይ ኖራው አለ። ልዩነቱ ጭዱ የጤፍ ሳይሆን የአጃ ወይም የስንዴ መሆኑና ግድግዳው በወፍራም የኦክ ፍሬሞች መከፋፈሉ ነው።

ስቱኮ፣ ጥቂት ኮላና ደቃቅ አሸዋ ደባልቁ። ወፈር ያለ እርጎ ያህል ሲሆን በእንጨቶቹ መሃል ያለውን እያንዳንዱን ክፍተት ሙሉ። መሃሉን በጣም በትንሹ አሳብጡት፤ ጠርዙ ላይ ወደ እንጨቱ ዝቅ ይበል። እንጨት ላይ የፈሰሰውን ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ ጥረጉ። ለማለስለስ አትድከሙ። በእጅ የተመረገ ግድግዳ መዳፍ ያረፈበት ይታወቃል።

ቤቱን ከሌሎቹ የሚለየው አንድ ቦታ ላይ ምርጉ ወድቆ ማገሩ ሲታይ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስቱኮ ከመሙላታችሁ በፊት አንድ ክፍተት ምረጡ። 15 በ10 ሚሊ የሚሆን ቅርጹ ያልተስተካከለ ቁራጭ ወረቀቱን ልጣችሁ፣ ፎሙን 2 ሚሊ ያህል ጎድጉዱት። ጉድጓዱን በጥቁር ቡኒ ቀቡ። ስቴኪኒ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ አራት አምስቱን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። አሁን ሁለት ሦስት የቃጫ ክር በኮላ ነክራችሁ በጣት አጥብቁት፤ አንዱን ስንጥር በፊቱ፣ ቀጣዩን በኋላው እያሳለፋችሁ ሽመኑት። ቀጣዩ ረድፍ በተቃራኒው ይጀምር። ሲደርቅ ቡኒ የተደባለቀበት ስቱኮ በስቴኪኒ ጫፍ እዚህም እዚያም ጠቅ አድርጉ፤ ያልወደቀው ጭቃ እሱ ነው። የጉድጓዱ ዙሪያ ሦስት እርከን ይታይበት። ከውስጥ ማገር፣ ቀጥሎ ቡኒ ጭቃ፣ ከውጪ ነጩ ኖራ።

ቦታው በዘፈቀደ አይመረጥም። ምርግ የሚወድቀው ውሃ በሚነካው ቦታ ነው። መስኮት ስር፣ ወይም ከጣሪያ የሚወርደው ጠብታ መሬት ነክቶ በሚረጭበት ታችኛው ክፍል። መሃል ግድግዳ ላይ፣ ጣሪያው በደንብ በሚከልለው ቦታ ብታደርጉት የመድፍ ጥይት መታው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው።

ጣሪያው

ጣሪያውን አታጣብቁት። ተነሺ ይሁን፣ ወታደር ውስጥ ይገባል። ሁለት ካርቶን 132 ሚሊ በ80 ሚሊ ቁረጡ። ከጎን ወደ ውጪ 6 ሚሊ፣ ከታች 10 ሚሊ ያህል ያልፋል። አናቱ ላይ አጣብቁና ከውስጥ በኩል በሦስት ማዕዘን ቁራጭ አጠናክሩ። ካርቶን በአንድ በኩል ብቻ ኮላ ሲነካው ይጎብጣል፤ ሁለተኛውንም ፊት በውሃ በቀጠነ ኮላ ቀቡት።

ሸክላ ክዳን ከመረጣችሁ፣ የደቡብ ጀርመኑ ጠፍጣፋና ጫፉ ክብ የሆነ ነው። ከኮርንፍሌክስ ካርቶን 10 ሚሊ ስፋት ያላቸው ረጃጅም ቁራጮች አውጡ። አንዱን ጠርዝ በየ5 ሚሊው ቁረጡ፣ ጫፎቹን በመቀስ ክብ አድርጉ። በትክክለኛው ልክ 3 ሚሊ ነበር የሚሆነው፤ ግን 3 ሚሊ ለዓይንም ለትዕግሥትም አይሆንም። ከታች ጀምሩ። እያንዳንዱ ረድፍ የበታቹን ይደርብ፣ 6 ሚሊው ብቻ ይታይ፣ በግማሽ ሸክላ ይዘዋወር። በአንድ በኩል 13 ወይም 14 ረድፍ ይሆናል። አልፎ አልፎ አንዷን ሸክላ አጣምሟት፣ ሌላዋን ንቀሏት። ከሁለት ሦስት ቦታ በላይ ግን አይሁን፤ ጣሪያው የሚያፈስ ገበሬ ሳይጠግን አያድርም።

ሳር ክዳን ከሆነ ቃጫውን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል እየቆረጣችሁ ትንንሽ ጭብጥ አድርጉ። አሁንም ከታች ወደ ላይ። ኮላውን ካርቶኑ ላይ ወፈር አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጭብጡን ተጫኑበት። ውፍረቱ 5 ሚሊ ይድረስ። ሲደርቅ የታችኛውን ጠርዝ በመቀስ ቀጥ አድርጋችሁ ከርክሙ። ለድሃ መንደር ሳር፣ ለመጠጥ ቤትና ለቄሱ ቤት ሸክላ ብታደርጉ ልዩነቱ ጠረጴዛው ላይ ይነበባል። እሳት የሚፈሩ ብዙ ከተሞች ሳር ክዳንን ይከለክሉ ስለነበር ከተማ ውስጥ ሸክላው ይብዛ።

ጭስ ማውጫን በተመለከተ፣ የግድ አይደለም። በዚያ ዘመን ብዙ የገበሬ ቤት ጭስ ማውጫ አልነበረውም፤ ጭሱ በጣሪያው በኩል እየተሹለከለከ ይወጣ ነበር። ካደረጋችሁ አናቱ አጠገብ ይሁን።

ቀለሙ

መጀመሪያ ሁሉንም ነገር፣ ጣሪያውንም ጭምር፣ ጥቁር ቡኒ ከጥቂት ጥቁርና ከኮላ ጋር ቀላቅላችሁ በብሩሽ ቀቡ። ሁለት ጥቅም አለው። ፎሙንና ካርቶኑን ያጠነክራል፤ ብሩሽ ያልደረሰበት ስንጥቅ ሁሉ ደግሞ ጥላ ሆኖ ይቀራል። አንድ ሌሊት ይደር።

ግድግዳው ላይ ነጭ እንዳትጀምሩ። አራት እጅ ነጭ፣ አንድ እጅ ቢጫማ ቡኒ፣ የጣት ጫፍ ግራጫ ቀላቅሉ። ምርጉን ሸፍኑት፤ ከእንጨቱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ፀጉር የምታህል ቡኒ መስመር ትታችሁ። ቀጥሎ በዚያው ቅልቅል ላይ ነጭ ጨምሩና በደረቅ ብሩሽ ማለት ቀለሙን ጨርቅ ላይ ጠራርጋችሁ በቀረው ብቻ የየክፍተቱን መሃል ዳብሱ። ሦስተኛው ሊነጣ የተቃረበው ነው፤ ከጣሪያው ስር ባለው የላይኛው ክፍል ላይ ብቻ። ኖራ በየጊዜው ይደገማል፤ ዝናብ ያላገኘው የላዩ ግን ሳይረግፍ ይቆያል። ጥርት ያለ ነጭ ከቱቦው አውጥታችሁ እንዳለ አትቀቡ። ጠረጴዛው ላይ ከወታደሩ ፊት ቀድሞ ዓይን ይስባል።

እንጨቱን ጊዜ ስጡት። መነሻው ጥቁር ቡኒና ግራጫ እኩል በእኩል። ሲደርቅ ግራጫ ከትንሽ ቡኒ ጋር፣ በደረቅ ብሩሽ፣ ጭረቱን አቋርጣችሁ ሳብ አድርጉ። በመጋዝ ያወጣችሁት ጭረት አሁን ይወጣል። በመጨረሻ ግራጫ ላይ ነጭና በጣም ትንሽ ቢጫማ ቡኒ አክላችሁ ጠርዞቹን ብቻ ንኩ። አሁን ዋናው ነገር። ግራጫው በሁሉም ቦታ እኩል አይሁን። ከጣሪያው ጠርዝ ስር ያለው እንጨት ዝናብም ፀሐይም ብዙ አያገኘውም፤ ቡኒነቱን ይይዛል። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ይገረጣል። ድንጋዩ ላይ የተኛው አግድም ደግሞ እርጥብ ስለሚሆን መልሶ ይጠቁራል፣ ትንሽ አረንጓዴም ይነካዋል። ይህንን አንድ ቋሚ ላይ ከላይ እስከ ታች ሞክሩት፤ ቤቱ በአንዴ ዕድሜ ያገኛል። ቀለም የተቀባ እንጨት ከፈለጋችሁ፣ በአንዳንድ የጀርመን አካባቢዎች በብረት ዝገት አፈር የተሠራ ደብዛዛ ቀይ ይቀባ ነበር። የጡብ ቀይ ከቡኒ ጋር ቀላቅሉ። ደማቅ እንዳይሆን።

ድንጋዩ ፈጣን ነው። ሁሉም ግራጫ፣ ከዚያ እዚህም እዚያም አንዳንዱን ቡኒያማ፣ አንዳንዱን ቢጫማ፣ ከላይ ቀላል ደረቅ ብሩሽ። አለቀ።

ለሸክላው መነሻ የጡብ ቀይና ቡኒ እኩል ቀላቅሉ። ከዚያ ትንሽ ብሩሽ ያዙና ሸክላዎችን በነጠላ ምረጡ። ከስድስት አንዷን ያህል ትንሽ ብርቱካንማ፣ አንዷን ግራጫማ፣ አንዷን ጥቁር ቡኒ። ጎን ለጎን አታድርጓቸው። ቀጥሎ በብዙ ውሃ የቀጠነ ጥቁር ቡኒ በጣሪያው ላይ አፍስሱ፤ በየስንጥቁ ይረጋል። ሲደርቅ ቢጫማ ቡኒ በደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች። አረንጓዴውን የድንጋይ ሽበት በአንድ ወገን ብቻ አብዙ፤ ፀሐይ የማያገኘው የሰሜን ወገን ነው። ሳር ክዳን ከሆነ ቢጫ አትቀቡ። ሳር ቢጫ የሚሆነው በመጀመሪያው ዓመት ነው። ግራጫ ቡኒ፣ ከላይ ፈካ ያለ ግራጫ።

መስኮቱን ሰማያዊ የሚቀቡ አሉ። ቀን ላይ ከውጪ የሚታይ መስኮት ጨለማ ነው። ጥቁር ቀቡና ትንንሾቹን መስታወቶች የሚያያይዘውን የእርሳስ ብረት መስመር በቀጭን ግራጫ ሣሉ። መስታወት ውድ ስለነበር ለድሃው ቤት መስታወት ሳይሆን የእንጨት መዝጊያ ስጡት።

በመጨረሻ እርጥበቱ። ከመሬት እስከ 15 ሚሊ ድረስ በጣም የቀጠነ የጭቃ ቀለም፣ ወደ ላይ እየሳሳ። ከየመስኮቱ ስር ሁለት ቀጭን የዝናብ መስመር። ቤቱን አንድ ሜትር ራቅ ብላችሁ እዩት፤ ሲጫወቱ የሚያዩት ከዚያ ነው። ከዚያ ርቀት የማይታይ ነገር ላይ አትልፉ። ሲደርቅ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ በብሩሽ ሁለት ጊዜ ቀቡ፤ ጠረጴዛ ላይ ቤት በብዙ እጅ ይነሳል።

ግቢው

ከቡና የተረፈ ዝቃጭ ጥሩ አፈር ይሆናል። ግን ኩልል ብሎ ይድረቅ፤ እርጥብ ከሆነ ኮላው ስር ይሻግታል። በሩ ፊት የተረገጠ ጭቃ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ትክክል በታች የጠብታ መስመር። ከመንገዱ ወገን ደግሞ የፍግ ክምር አትርሱ። የጀርመን ገበሬ ፍጉን ቤቱ ፊት ነበር የሚከምረው፤ ብዙ ከብት ያለው ክምሩ ትልቅ ነው፣ ጎረቤትም በዚያ ይመዝነዋል። የተከተፈ ቃጫ፣ የቡና ዝቃጭና ኮላ በአንድ ላይ አቡኩት፤ ጨርሳችኋል።

የተቃጠለ ጣሪያ

ጣሪያው ተነሺ ስለሆነ ሁለተኛ ጣሪያ ሥሩለት። በኅዳር 1632 ሉትሰን ላይ፣ የስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ አዶልፍ በሞቱበት ቀን፣ የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አዛዥ ቫለንሽታይን ከተማዋን አስለኩሷት ነበር፤ ጭሱ ከጉሙ ጋር ተደባልቆ ሜዳውን ሸፈነው። ጨዋታችሁ ላይ ቤት ሲቃጠል ደህናውን ጣሪያ አንሱና የተቃጠለውን ጫኑ። ሁለት ባዶ የካርቶን ሦስት ማዕዘን ላይ አምስት ስድስት የማማሰያ ወራጅ ብቻ ለጥፉ፤ ሁለቱን ስበሩ። ጥቁር ቀቡ፣ ጫፋቸውን በነጭ ግራጫ ደረቅ ብሩሽ። ቀይ ነበልባል አያስፈልግም። ግድግዳው ላይ ግን ጥላሸት በቋሚነት አትቀቡ፤ ጣሪያው ሲመለስ ቤቱ ግራ ያጋባል።

ለሌላ አገርና ዘመን

አጥንቱ ያው ነው፣ የሚለወጠው ቆዳው ነው። ለ1812ቱ የሩሲያ ቦሮዲኖ ውጊያ የእንጨት ፍሬሙን ተዉትና ግንድ በግንድ ላይ አጋድሙ፤ ክብ ስቴኪኒ ወይም ቀጭን ቀርከሃ ይሆናል። ለ1815ቱ የዋተርሎ ውጊያ ጡብ ነው፣ በኖራ የተቀባ፤ ኖራው በረገፈበት ቦታ ጥቂት ቀይ ጡብ ይታይ። እዚያው ውጊያ ላይ የነበረውን የላ ሄ ሴንት እርሻ ቤት ከሠራችሁ የጎተራውን በር ክፍት ተዉት። ወታደሮቹ ከውጊያው በፊት በነበረው ዝናባማ ሌሊት ለማገዶ ፈጅተውታል፤ በማግስቱ ቤቱን የተከላከሉት የሻለቃ ባሪንግ ሰዎች ያንን የተቃጠለ በር በጣም ናፍቀውታል። ለ1944ቱ ኖርማንዲ ካን አካባቢ ክሬም መልክ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ወደ ምዕራብ ኮታንታን ስትሄዱ ግራጫ ግራናይት፤ ጣሪያው በብዛት ሰማያዊ ግራጫ የድንጋይ ንጣፍ። ከኦርን ወንዝ በስተምሥራቅ ባለው የኦዥ አካባቢ ደግሞ የእንጨት ፍሬም ቤት እንደገና ይመጣል፤ ለዚያ አሁን የሠራችሁትን ቤት መዝጊያዎቹን ብቻ ደብዘዝ ባለ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀብታችሁ ማቅረብ ትችላላችሁ።